የሻምበል ወንበር

ወገኖቼ፣ ይቅር ልል ሞክሬ ያቃተኝን አንድ ነገር ልንገራችሁ።

የካቲት 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። እዚሁ ሜሪላንድ፣ በአንድ አዳራሽ የአድዋን በዓል እናከብራለን። ሻምበል ከሁላችንም ቀድመው መጥተው ከፊት ተቀምጠዋል። 86 ዓመታቸው ነው። ገና በጉርምስናቸው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። አሮጌ ግን በደንብ የተተኮሰ ኮት ለብሰው፣ ሜዳሊያዎቻቸውን ደረታቸው ላይ ደርድረዋል።

አንድ አስተናጋጅ ወጣት መጣና «አባባ፣ ይሄ ቦታ የስፖንሰር ነው። ከኋላ ይፈልጉ» አላቸው።

ሻምበል ምንም አልመለሱም። ግራ ቀኙን አዩ። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ከዘራቸውን አንስተው ወደ ኋላ ሄዱ። ከኋላም ወንበር አልነበረም። ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። መድረኩ ላይ የወጣው ሰው «የጀግኖች ልጆች ነን!» እያለ ይጮሃል፤ እኛ እናጨበጭባለን። አጠገቤ የነበረው ሰው ጠጋ ብሎ «የደርግ ወታደር ነበሩ አይደል?» አለኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ዞር ስል ሻምበል የሉም። በዚያ ብርድ አውቶቡስ ሊጠብቁ ወጥተዋል።

ያን ልጅ ብቻ እንዳልወቅስ፣ እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ወንበር ነበረኝ። እግር ነበረኝ። አልተነሳሁም። አጨብጭቤያለሁም።

ይባስ ብሎ ሻምበል ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ለምነውኛል። «ልጄ፣ አንድ ቀን ዋሽንግተን ወስደህ የኮሪያን መታሰቢያ አሳየኝ።» በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። «እሺ ሻምበል፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ» እላለሁ። ቅዳሜው መጥቶ አያውቅም።

የወሰዳቸው ጎረቤታቸው ነው። ነጭ ጺም ያለው፣ ቬትናም የዘመተ አሜሪካዊ። የባለሞተሮች ክበብ አባል ነው። ክበቡ ቅዳሜና እሁድ አቅመ ደካማ የሆነ የቀድሞ ወታደር ቤት ሄዶ ደረጃ ይጠግናል፣ ሐኪም ቤት ያመላልሳል፣ የሞተውን ደግሞ ባንዲራ ይዞ ይሸኛል። በዚያው ዓመት ግንቦት፣ አሜሪካኖች የሞቱ ወታደሮቻቸውን በሚያስቡበት በሜሞሪያል ዴይ ዋዜማ፣ ሻምበልን ጎኑ ላይ መቀመጫ ባለው ሞተር አሳፍሮ ሮሊንግ ተንደር ይዟቸው ሄደ። ይህ ሰልፍ የተማረኩና የጠፉ ወታደሮች እንዳይረሱ በ1988 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ባለሞተሮቹ እስከዚያ ዓመት (2019 እ.ኤ.አ.) ድረስ በየዓመቱ ከፔንታጎን መኪና ማቆሚያ ተነስተው ድልድዩን ተሻግረው ዋና ከተማዋን ያናውጧት ነበር። ሻምበልም በመሀላቸው ነበሩ።

ከሰልፉ በኋላ የኮሪያ መታሰቢያ ጋ ወሰዷቸው። እዚያ ከተባበሩት መንግሥታት ጎን የቆሙት 22 አገሮች ስም ዝቅ ባለ ድንጋይ ላይ ተቀርጿል። ኢትዮጵያ በዴንማርክና በፈረንሳይ መካከል ናት። ሻምበል ከዘራቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው ሰላምታ ሰጡ። ባለሞተሮቹ ከኋላቸው ተሰልፈው ዝም ብለው ጠበቁ። ይህን ያየሁት በፎቶ ነው። እኔ አልነበርኩማ!

እነዚህ ሰዎች ወታደሩን ማን ላከህ አይሉም። እነሱም ከቬትናም ሲመለሱ ብዙ ሰው ፊቱን አዙሮባቸዋል፤ ያንን አልረሱትም። እኛስ? ኮሪያ የዘመተው የጃንሆይ ነው ተባለ። በደርግ ጊዜ የኮሪያ ዘማችነት የሚያስመካ አልነበረም። የደርጉ ወታደር በተራው በ1983 ተበትኖ ስንቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ወዲህ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ለሞተው ከማልቀሳችን በፊት የማን እንደነበር እናጣራለን። 6,037 ሰው ዘመተ፣ አንድም አልተማረከም ብለን ግን ደረታችንን እንነፋለን። ከ120 በላይ ሞተዋል፤ አስከሬናቸውን እንኳ ጓዶቻቸው ባዕድ አገር ጥለው አልመጡም። እኛ አዳራሽ ውስጥ አንዱን ግድግዳ ላይ ጥለናቸው ነበር።

ሻምበል ኅዳር ላይ አረፉ። ከቀብሩ ሁለት ቀን በፊት ጎረቤታቸው ደወለልኝ። «የአገራችሁን ባንዲራ ልንይዝ ነው። የትኛው ነው ትክክለኛው?» አለኝ። ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ሰውዬው መስመሩ የተቋረጠ መስሎት «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል። በመጨረሻ ሻምበል የዘመቱበትን ነገርኩት። ለምን ሦስት ዓይነት እንዳለን ግን ማስረዳት አልቻልኩም።

በቀብሩ ዕለት ከኛ ወገን አሥራ አራት ሰው መጣ። ቆጥሬያለሁ። ከእነሱ ከሰላሳ በላይ ሞተር። በዝናቡ መሀል ባንዲራ ይዘው በግራና በቀኝ ቆሙ። የሻምበልን ስም መጥራት አይችሉም፤ ግን ሬሳው እስኪገባ አንድም አልተንቀሳቀሰም።

ወገኖቼ፣ የሻምበልን ነገር መመለስ አንችልም። ግን እዚህ አካባቢ ኮሪያ የዘመቱ ሁለት አባቶች አውቃለሁ። አንዳቸው አይራመዱም። እንደዚህ ብዬ ተናግሬ ስንት ጊዜ ሰው እንደቀረ አልረሳሁም፤ ደክሞኛልም። ቢሆንም ዘንድሮ በሜሞሪያል ዴይ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መታሰቢያው ጋ እወስዳቸዋለሁ። ጎረቤትየው ዝናብም ቢዘንብ እመጣለሁ ብሎኛል። እኔ ሁለት ተጣጣፊ ወንበር ገዝቻለሁ። ሰፊ መኪና ያለው ሰው ካለ ይደውልልኝ።