ውዳሴ ለብር ማንኪያ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የሰነበተው ቪዲዮ ያልደረሰው አንባቢ አለ ብዬ አልገምትም። አንድ ሰውዬ ከአለት ላይ የለቀማቸውን ሙስሎች (በዛጎል ውስጥ የሚኖሩ፣ ሥጋቸው የሚበላ የባሕር እንስሳት) እዚያው ባሕር ዳርቻ ላይ ድስት ጥዶ ያፈላና የብር ማንኪያ ነክሮ ካወጣ በኋላ ወደ ካሜራው ያስጠጋታል። መርዝ ካለ ብር ይጠቁራል ባይ ነው፤ ማንኪያዋ አልጠቆረችም። «በቃ፣ ንጹሕ ነው» ይላል። ከጀርባው «በአልጌ መርዝ ምክንያት ዛጎል መልቀም ተከልክሏል» የሚል ሰሌዳ የቆመ ሲሆን፣ እርጥብ ፎጣውን ያሰጣው እሱ ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ጥበብ ሳላመሰግን ባልፍ ንፉግ እባላለሁ። ሙስል አልጌውን፣ ማለትም በውኃ ላይ የሚንሳፈፉትን ዕፅዋት መሰል ደቃቅ ሕያዋን፣ ከባሕር ውኃ እያጣራ ሲመገብ ሳክሲቶክሲን የተባለውን መርዝ በሥጋው ያከማቻል፤ የቤተ ሙከራ ባለሙያዎችም ይህን ለመለካት ናሙና ሲፈጩና ሲያጣሩ ይውላሉ። በብዙ አገሮች የተፈቀደው ጣሪያ በ1 ኪሎ ግራም ሥጋ 800 ማይክሮ ግራም ነው፤ በ1 ቶን ሥጋ ውስጥ 1 ግራም እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ማንኪያዋ ግን አንዴ ጠልቃ ስትወጣ ጉዳዩን ጨርሳዋለች። እርግጥ ብር የሚጠቁረው ድኝ ሲነካው ነው፤ ሳክሲቶክሲን ውስጥ ደግሞ ድኝ የለም። ስለዚህ ማንኪያችን የተቀቀለ እንቁላል ፊት ስትቀርብ ትጠቁራለች፣ የሰው ትንፋሽ የሚያቆም መርዝ ፊት ስትቀርብ ግን እንደ ሙሽራ ታበራለች። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩት ቅናተኞች ናቸው። እንቁላሉን ወንጅሎ ገዳዩን በነፃ የሚያሰናብት ዳኛ ከየት ይገኛል? እኔ ብሆን ነጭ ጋውን አሰፋላት፣ ቢሮና ጸሐፊ እመድብላት ነበር፤ ሹካ ምክትሏ፣ ጭልፋ ደግሞ የመስክ ተቆጣጣሪዋ ይሆናሉ። «አልጠቆርኩም» የምትል የአንድ ቃል ሪፖርት በየሳምንቱ ካቀረበችልን፣ ቤተ ሙከራዎቹን ዘግተን በጀቱን ለመወልወያ ጨርቅ እናውለዋለን። ጡረታ ስትወጣም መሳቢያ ውስጥ በክብር ትጋደማለች፤ የመረመረችላቸው ሰዎች የት እንደተጋደሙ መጠየቅ ግን ነውር ነው።

ማንኪያ የሌላቸው ጠቢባንም እንዳይከፋቸው። «በደንብ ከፈላ ምን ይሆናል?» ባዩ፣ መርዙ በማፍላትም በማቀዝቀዝም እንደማይጠፋ ሲነገረው መረቁን ጭምር ይጠጣል፤ ከሥጋው ወደ መረቁ የወጣው እንዳይባክን መሆን አለበት። «ውኃው ጥርት ብሏል» ባዩ፣ አልጌ ባሕሩን ቀይ ሳይቀባ መግደል እንደሌለበት ደንብ ያወጣለት ይመስላል። «አያቴ ዕድሜ ልኩን በልቶታል» ባዩ ደግሞ የአያቱን ሆድ እንደማይታደስ ፈቃድ በኪሱ ይዞ ይዞራል፤ ባለፈው ሳምንት ንጹሕ የነበረው አለት ዛሬ በመርዝ ሊሞላ እንደሚችል የአያቱ ሆድ አልነገረውማ። እ.ኤ.አ. በ1793 ከእንግሊዛዊው መርከበኛ ከጆርጅ ቫንኩቨር የባሕር አሰሳ ባልደረቦች አንዱ የነበረው ጆን ካርተር፣ በዛሬዋ ካናዳ ምዕራባዊ ጠረፍ ለቁርስ ሙስል በልቶ በዚያው ቀን ሞተ። ወሽመጡም እስከ ዛሬ በመርዝ ስም ይጠራል። በመርከቡ ላይ ማንኪያ ጠፍቶ ነው ብዬ አላምንም።

ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁመው። አንድ ጎልማሳ በገዛ ሆዱ ቢቆምር የራሱ ጉዳይ ነው። በቪዲዮው ጥግ ግን ሳህን ይዛ ተራዋን የምትጠብቅ ትንሽ ልጅ አለች። እ.ኤ.አ. በ1987 ጓቲማላ ውስጥ በዚሁ መርዝ 187 ሰዎች ታመው 26ቱ ሞተዋል፤ ከታመሙት ትንንሽ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ አልተረፉም። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ የታመመውን በመሣሪያ እያስተነፈሱ መርዙ ከሰውነቱ እስኪወጣ መጠበቅ ነው ያለው። ልጅቷ ሳህኗን የዘረጋችው ማንኪያዋን አምና ሳይሆን ትልቅ ሰው አምና ነው። ከሥሩ የእጅ ጭብጨባ ምልክት የደረደራችሁ ሁሉ፣ ያጨበጨባችሁት ለዚህ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ቪዲዮው የሚያበቃው ሰውዬው የመጀመሪያውን ሙስል ጎርሶ አውራ ጣቱን ሲያነሳ ነው። ከንፈር መደንዘዝ የሚጀምረው ግን ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ ስለሆነ፣ ክፍል ሁለትን በጉጉት እየጠበቅን ነው። ማንኪያዋ ብትቀርጸውም አንቀየምም።