ለክቡር የግብር ግምት፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከረሙ? ጅማ ሐምሌ ገብቷል። የአዌቱ ወንዝም ሞልቷል፣ የግብር ወረፋውም ሞልቷል።

መምህር ነበርኩ። ደሞዝተኛ ሳለሁ ግብርን በመልክ አላውቀውም። ብሩ እጄ ሳይገባ ይቆረጣል፣ አለቀ። ጡረታ ስወጣ ስኩዌር ደብተር ገዝቼ ማቀድ ጀመርኩ። የጡረታ አበሉ ከግብር ነጻ ነው። ጓሮ ያለችውን ሰርቪስ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ አከራያለሁ። አዋጁ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ከኪራዩ የተወሰነውን በወጪ ይይዝለታል። የቀረውን አስልቼ ግብሩን በየወሩ አስቀምጣለሁ፤ ሐምሌ 1 ከፍዬ ቡናዬን እጠጣለሁ። ይኸው ነበር ዕቅዱ።

መልእክተኞችዎ የመጡት ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር ነው። አንደኛው የወጥ ቤቱን በር በጃንጥላው ጫፍ ገፋ አደረገና፣ «ይሄስ ስንት ይከራያል?» አለ።

«ወጥ ቤት ነው።»

«መብራት አለው እኮ።»

አለው! ምጣዱ በምን ይጋል? በርጩማዬን ስቦ ተቀመጠና «3 ክፍል» ብሎ ጻፈ። ሦስተኛዋ የዶሮ ቤቷ ናት። ዶሮዎቹን ውል አለማስፈረሜ ጥፋት ሆኖ ይሆን?

ከዚያ ግብር ቢሮ፣ መስኮቱ ጋ፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ ልጅቷ «አባባ፣ ገቢ ደብቀዋል» አለችኝ። ከኋላዬ የቆመው ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ እንዳልሰማ ሆኖ ስልኩን ይጎረጉራል። ደብተሬን ዘረጋሁላት። ቀና ብላም አላየችው። «ሲስተሙ ላይ ያለው ግምቱ ነው።»

ስማ ግምት፣ አንቱታው ይቅር። እኔ ሌባ አይደለሁም። ዕድሜ ልኬን ሲቆረጥብኝ ትንፍሽ ያላልኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ራሴ አስልቼ፣ ራሴ ተሸክሜ ሳመጣልህ ደበቅክ ትለኛለህ? ያውም በልጆቼ ፊት! በ2009 በቀን ገቢ ግምትህ ስንቱን ነጋዴ ሱቅ አዘግተሃል። አሁን ጡረተኛ ወጥ ቤት ገባህ?

ኮፒውንና ጉርድ ፎቶውን አላነሳም።

ቅሬታ በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብ ይቻላል ተብያለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ካልሰመረ ይግባኝ አለ። ለይግባኙ ግን የተከራከርኩበትን ግብር ግማሽ አስቀድሜ መክፈል አለብኝ። የዶሮ ቤት ኪራይ ግብር ግማሽ ማለት ነው።

ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ። አጣሪ ይላካል ብለውኛል። ይምጣ፣ ተከራዮቹን ራሱ ያነጋግር።

ከሰላምታ ጋር፣
የ«3 ክፍል» አከራይ፣ ኮቺ፣ ጅማ

ግልባጭ፦
ለዶሮዎቹ