ለእኛም ፍሬሽማኖች እንዲህ ያለ ኮርስ ያስፈልጋል

ስለ አንድ የሙዚቃ ኮርስ የወጣውን ጽሑፍ አንብቤ ወድጄዋለሁ። አንድ የውጭ ኮሌጅ አዲስ ገቢ ተማሪዎቹ ሙዚቃ እየሰሙ "እኔ ማን ነኝ?" ብለው የሚጠይቁበት ኮርስ በጥቂት ሳምንት አጣድፎ ይሰጣል ይላል። እኛ ብሎክ የምንለው ዓይነት መሆኑ ነው። ጅማ ነው የማስተምረው፤ እውነቱን ለመናገር ቀናሁ።

እኛ ጋ ለዚህ የሚሆን ነገር ሞልቷል። የፍሬሽማን ዶርም ግቡና እዩ። አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከወላይታ፣ አንዱ ከሐረርጌ፣ አንዱ እዚሁ ከአጋሮ። ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ ክፍል ውስጥ የሠርግ ዘፈን አሰማን። እናቱ ናቸው የሚዘፍኑት፤ በስልክ የተቀዳ ነው፣ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል። ልጁ ከዚያ በፊት ክፍል ውስጥ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ያን ቀን ግን የጥያቄ መዓት ወረደበት፤ ሁሉንም መለሰ።

ደግሞ ማንነት ሲባል አንድ ቋንቋ ብቻ አይምሰላችሁ። የድሬዳዋው አሊ ቢራ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማሊኛም ዘፍኗል። እሱን ብቻ ይዞ ሳምንት ሙሉ መወያየት ይቻላል። የዜማችንን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ ለይቶ ለመስማትም ጆሮ እንጂ ኖታ ማንበብ የግድ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ተማሪው ስለ ራሱ የሚጽፈው ማርክ ሊያዝበት አይገባም፤ ያስጨንቀዋል። የሰማው ዘፈን በምን ቅኝት እንደተሠራ ቢፈተን ይበቃል። ጸሐፊው ይህን አልነኩትም፤ ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል።