«አስታማሚ ይዛ ትምጣ» መልስ አይደለም

ሰሞኑን ደብረ ብርሃን ውስጥ በነበረ የጤና ባለሙያዎች ስብሰባ አንድ ኃላፊ «መስማት የተሳናት ታካሚ አስታማሚ ይዛ ካልመጣች ነርሷ ምን ታድርግ? ወረፋው እኮ በር ድረስ ነው» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ንግግሩ አንገብግቦኛል፤ ጭብጨባው ደግሞ ይበልጥ።

ወረፋውን ማንም አይክድም፤ ተረኛዋ ነርስ ቁጭ ሳትል እንደምታነጋም አውቃለሁ። ግን ዓይነ ስውሯን ከመንካቷ አስቀድማ «ነርስ ነኝ፣ ግፊትሽን ልለካ ነው» ማለት ስንት ደቂቃ ይወስዳል? መስማት ለተሳናትና ፊደል ለቆጠረችው ወረቀትና እስክሪብቶ፣ ላልቆጠረችው ሥዕል ማሳየትስ? ወረፋ የሚረዝመው ሕመሟ ሳይታወቅ በማስታገሻ የተሸኘች ሴት ሦስቴ ስትመላለስ ነው።

ደግሞስ አስታማሚው ማን ነው? ከመንዝ በሌሊት ተሳፍራ የመጣች መስማት የተሳናት ሴት አስቡ። አብሯት ያለው የ12 ዓመት ወንድሟ ነው። ነርሷ ፊቷን ወደ ልጁ አዙራ «ምን ሆና ነው?» ትላለች። ምን ይበል? የወር አበባዋ መቅረቱን? እሷስ ይህን ለታናሽ ወንድሟ በምልክት ትነግረዋለች? «ሆዷን ነው» ይላል፤ ካርዱ ላይም የሆድ ሕመም ተብሎ ይጻፋል። አስታማሚው ባሏ ቢሆንና የደበደባት እሱ ከሆነስ? አስታማሚ ይደግፋል፣ ያጎርሳል፤ የታካሚዋ አንደበት ግን አይሆንም። ለሌላው ታካሚ ምስጢር ብለን በር እንዘጋለን፤ ለእሷ ሲሆን ምስጢሯን በልጅ አፍ እናስነግራለን። ይህ ነውር ነው!

በተሽከርካሪ ወንበር የመጣውንም ትተን ወንድሙን «ይፈርማል?» እንላለን። እግሩ እንጂ ጆሮው ምን ሆነ? ላይኛው ሕብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው «ራሴን ፈለጠኝ፣ ላብ አጠመቀኝ» ሲል የተገጠመለት የሽንት ቱቦ ተዘግቶ የደም ግፊቱ አሻቅቦ ሊሆን ይችላል። ገላውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። «ድካም ነው» ብሎ ማለፍ ሊገድለው ይችላል።

አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 25 ላይ ሕክምናው ከሌላው እኩል ጥራት ያለውና በታካሚው ነፃ ፈቃድ ላይ የቆመ እንዲሆን ያዛል። ወረፋ ከዚህ ነፃ አያወጣም።

አስተርጓሚ ለመቅጠር በጀት ከሌለ፣ ነርሶቹ «የት ያምሻል?»፣ «ነፍሰ ጡር ነሽ?» የሚሉትን ምልክቶች መስማት ከተሳናቸው የከተማችን ነዋሪዎች ይማሩ። የመድኃኒት አለርጂ ካርድ ላይ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ ታካሚዋ በምን እንደምትግባባ እሷን ጠይቀው እዚያው ይጻፉ። ለዚህ ደግሞ የእኚያው ኃላፊ አንድ ደብዳቤ ይበቃል።