«ማንም ቅሬታ አላቀረበም»

ድረ ገጹ ላይ የሚጫኑት ማስታወቂያዎች በስክሪን ሪደር (የኮምፒውተር ጽሑፍን ለዐይነ ስውር ድምፅ አውጥቶ በሚያነብ ፕሮግራም) ለምን እንደማይነበቡ ለአንድ ተቋም ጽፌ ጠይቄ ነበር። የኃላፊው መልስ ሰሞኑን ደረሰኝ፦ «እስካሁን ቅሬታ ያቀረበ ዐይነ ስውር የለም፤ የተቸገረ በማስታወቂያው ግርጌ ባለው ስልክ መደወል ይችላል።» ስልኩ የት ነው? ስካን ተደርጎ በተጫነው ማስታወቂያ ግርጌ! ስክሪን ሪደሩ እዚያ ሲደርስ የሚያገኘው ምስል እንጂ ፊደል አይደለም። የበሩን ደወል ከግቢው ውስጥ ሰቅሎ «የደወለ የለም» ማለት ይሏል ይህ ነው።

«ተደራሽ ማድረግ ተጨማሪ ወጪ ነው» የምትል መስመርም አክለዋል። የትኛው ወጪ? ማስታወቂያው የተጻፈው በኮምፒውተር ነው። ያን ጊዜ ፊደሉ ፊደል፣ ቁጥሩም ቁጥር ነበር፤ ስክሪን ሪደር አንድ በአንድ ያነበው ነበር። ከዚያ በወረቀት ታተመ፣ ተፈረመበት፣ ማኅተም አረፈበት፣ ስካን ተደረገና ፎቶግራፍ ሆኖ ተጫነ። ያ ሁሉ ወረቀት፣ ቀለምና ጉልበት የፈሰሰው ደህናውን ጽሑፍ ለመግደል ነው። ተደራሽነቱ በነጻ እጃቸው ላይ ነበር፤ ከፍለው አጠፉት! ማኅተሙ ግድ ከሆነ ማኅተም ያለበት ቅጂ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፤ ለሕዝብ የሚወጣው ከዎርድ በቀጥታ ወደ ፒዲኤፍ ይቀየር። (ዐይኑ የሚያይ ሰውም ቢሆን ከዚያ ምስል ውስጥ አንዲት ቃል በኮምፒውተሩ መፈለጊያ መፈለግ አይችልም።) ምስልን ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ሶፍትዌር አለ የሚሉኝ አይጠፉም። አለ፤ አንዷን አኃዝ አሳስቶ ሲያነብ የተሳሳተ ቦታ የሚደውለው ግን ዐይነ ስውሩ ነው።

የቆዩ የእጅ ጽሑፍ መዛግብትን ወደ ኮምፒውተር ፊደል መመለስ ገንዘብ እንደሚፈጅ አልክድም። ትናንት የተጻፈ ማስታወቂያ ግን መዝገብ ቤት አልገባም። ርእሱን ፊደል ከማድመቅ ይልቅ ስክሪን ሪደሩ እንዲለየው በርእስነት መሰየም፣ ለሥዕሉ አንድ ዓረፍተ ነገር መግለጫ ማከል የስንት ደቂቃ ሥራ ነው? ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 9 መረጃን ከሕንፃና ከመጓጓዣ ጎን አስቀምጦታል። ደረጃ ብቻ ያለው ሕንፃ ፊት ቆሞ «በተሽከርካሪ ወንበር የወጣ አላየሁም» የሚል ሰው ያፍራል፤ ፒዲኤፍ ላይ ሲሆን ግን ኀፍረቱ የት እንደሚገባ አላውቅም።

ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን ሪደር በነጻ ይወርዳል። ኃላፊው ይጫኑትና የኮምፒውተሩን ማሳያ አጥፍተው የራሳቸውን ስልክ ቁጥር ይፈልጉ።