የቀድሞ ወታደሮችን ስም አፍ ማዘጊያ አናድርገው

አሜሪካ ውስጥ ስለ ባንዲራ ጭቅጭቅ በተነሳ ቁጥር አንድ ንግግር አይቀርም። «ለዚህ ባንዲራ የሞቱትን አታስብም ወይ?» ይባላል። ስፖርተኛ መዝሙር ሲዘመር ከተንበረከከ ይባላል። ሰልፈኛ ባንዲራ ካቃጠለም ይባላል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ከሞተ ወታደር ጋር ማን ደፍሮ ይከራከራል?

እኔ ግን ይህ ንግግር ወታደሮቹን ራሳቸውን ያስረሳል ባይ ነኝ። ንግግሩን የሚወረውረው ሰው ብዙ ጊዜ ጦር ሜዳ ረግጦ አያውቅም። የረገጡት ሲጠየቁ ደግሞ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም። አንዳንዶቹ ባንዲራ የሚያቃጥል ይታሰር ይላሉ። ሌሎቹ፣ እኔ የተዋጋሁት እሱ በነፃነት እንዲናገር ነው ይላሉ። ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው። ሁለቱም ጓደኛ ቀብረዋል። ስለዚህ በጅምላ «ወታደሮቹ ይህን ይላሉ» ማለት ውሸት ነው።

የጀምስ ዋርነርን ታሪክ ልንገራችሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዋርነር የአሜሪካ ማሪን (የባሕር ወለድ ጦር) ወታደር ነበር። ከ1967 እስከ 1973 ሰሜን ቬትናም ውስጥ የጦር እስረኛ ሆኖ ቆይቷል። አንድ ቀን መርማሪው አሜሪካውያን ሰልፈኞች ባንዲራቸውን ሲያቃጥሉ የሚያሳይ ፎቶ ያሳየዋል። «የገዛ አገርህ ሰዎች ይቃወሟችኋል። ይህ ስህተተኞች መሆናችሁን ያረጋግጣል» ይለዋል። ዋርነር ደግሞ የለም፣ የሚያረጋግጠው እኔ ልክ መሆኔን ነው ብሎ መለሰ። በእኔ አገር ሰው ባይስማማንም እንኳ ነፃነትን አንፈራም አለው። መርማሪው በንዴት ፊቱ ተለዋወጠ፣ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

ዋርነር ይህን የጻፈው በ1989 ነው። ያኔ ፖለቲከኞች ባንዲራ ማቃጠልን ለመከልከል ሕገ መንግሥቱን እናሻሽል እያሉ ነበር። እሱ ተቃወመ። ባንዲራው ግድ አይሰጠውም ነበር እንዳይባል፣ ከእስር ተለቆ የአገሩን ባንዲራ ሲያይ እንባው እንደመጣ በዚያው ጽሑፍ ተናግሯል። በእኔ ዓይን የዚህ ሰው ቃል ከአንድ ሺህ የምርጫ ቅስቀሳ ይበልጣል። የተቃጠለውን ባንዲራ ፎቶ እንደ ዱላ የተጠቀመበት ማን እንደሆነ ልብ በሉ። አሳሪው ነው።

የዚያ ዓመት ግርግር መነሻ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነበር። ግሪጎሪ ሊ ጆንሰን የተባለ ሰው በ1984 ዳላስ ከተማ፣ የሪፐብሊካን ፓርቲ ጉባኤ በሚካሄድበት ሰሞን፣ ሰልፍ ላይ ባንዲራ አቃጠለ። የቴክሳስ ፍርድ ቤት አንድ ዓመት እስራትና 2,000 ዶላር ቅጣት ፈረደበት። ጉዳዩ ዋሽንግተን ደረሰ። ሰኔ 1989 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ወሰነ። ባንዲራ ማቃጠል ሐሳብን የመግለጽ መብት ስለሆነ ሰው በዚህ አይታሰርም አለ።

እዚህ ውሳኔ ውስጥ የሚገርመኝ የዳኞቹ ማንነት ነው። የአብዛኛውን ውሳኔ የጻፈው ዳኛ ዊሊያም ብሬናን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር ሠራዊት መኮንን ነበር። አጥብቀው ከተቃወሙት አንዱ ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስም በዚያው ጦርነት ባሕር ኃይል ውስጥ አገልግሏል። ስቲቨንስ በተቃውሞው ላይ በዚያ ጦርነት የኦማሃ ቢችን፣ ማለትም የፈረንሳይ ባሕር ዳርቻን፣ ገደል የወጡትን ወታደሮች አንስቷል። እነሱን ያነሳሳቸው ሐሳብ ዋጋ ካለው፣ ምልክቱም ጥበቃ ይገባዋል ነው ያለው። አንድ ጦርነት፣ አንድ ባንዲራ፣ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ። ታዲያ የትኛውን ነው «የወታደሩ ድምፅ» የምንለው?

የስቲቨንስን ስሜት ማጣጣል አልፈልግም። ባንዲራ ለወታደር ተራ ጨርቅ አይደለም። ጓደኛው በሳጥን ሲመለስ የተሸፈነበት ነው። ታጥፎ ለእናቲቱ የተሰጠው እሱ ነው። ሴናተር ጆን መኬይን ደጋግሞ የሚያወራው አንድ ታሪክ ነበረው። ሃኖይ እስር ቤት አብሮት የታሰረ ማይክ ክርስቲያን የሚባል ጓደኛው ከቁርጥራጭ ጨርቅ የአሜሪካን ባንዲራ ሰፍቶ ሸሚዙ ውስጥ ደበቀ። ጠባቂዎቹ አገኙት፣ ክፉኛ ደበደቡት። ሰውዬው ዓይኑ በድብደባ አብጦ እያለ፣ መርፌውን አንስቶ እንደገና መስፋት ጀመረ። ይህን ያየ ሰው ባንዲራ ሲቃጠል ቢያመው ማን ይፈርድበታል? መኬይን ክልከላውን ደግፎ ድምፅ ሰጥቷል። የሰጠበት ምክንያት ይገባኛል። ግን አልስማማበትም።

ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 2006 ነበር። ሕገ መንግሥቱን ለማሻሻል ሴኔቱ ውስጥ 67 ድምፅ ያስፈልግ ነበር። የተገኘው 66 ነው። በአንድ ድምፅ ወደቀ። «አይሆንም» ካሉት አንዱ የሃዋይው ሴናተር ዳንኤል ኢኖዌይ ነበር። ኢኖዌይ በ1945 ጣሊያን ውስጥ ሲዋጋ ቀኝ እጁን አጥቷል። ያኔ እንደ እሱ በዘራቸው ጃፓናዊ የሆኑ ብዙ አሜሪካውያን በገዛ አገራቸው ካምፕ ታጉረው ነበር። እንደዚያ ለያዘችው አገር እጁን ሰጠ፣ በኋላም ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመ። ይህ ሰው ባንዲራ ማቃጠልን አጸያፊ ነው ብሎታል። ያም ሆኖ አሜሪካውያን የሞቱት ሁሉም ሰው፣ ጥላቻ ያለው እንኳ፣ ሐሳቡን እንዲናገር ነው ብሎ ማሻሻያውን ተቃወመ። ጄኔራል ኮሊን ፓወልም በ1999 ለሴናተር ፓትሪክ ሌሂ በጻፈው ደብዳቤ ተመሳሳይ ነገር ብሏል። ጥቂት ባለጌዎችን ለመምታት ብዬ ያንን ታላቅ የዴሞክራሲ ጋሻ አልነካካም፣ እነሱ ተሸማቀው ሲሄዱ ባንዲራው እየተውለበለበ ይቀራል ነው ያለው።

በአንጻሩ አሜሪካን ሌጂዮን የተባለው ትልቁ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ማሻሻያው እንዲያልፍ ለዓመታት ታግሏል። ይህንንም መደበቅ አይገባም። አባላቱ የተጎዱ፣ የሚያዝኑ ሰዎች ናቸው። የተቃውሞው ወገንም «እውነተኛ ወታደር ሁሉ ከእኛ ጋር ነው» ካለ ያንኑ ስህተት መድገሙ ነው።

አሁን ወደ ኮሊን ካፐርኒክ ልምጣ። ብዙዎቻችን በቅርብ የምናስታውሰው እሱን ነው። ነሐሴ 2016 ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ የተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ተጫዋች የነበረው ካፐርኒክ መዝሙር ሲዘመር ቁጭ አለ። ጥቁሮችን ለምትጨቁን አገር ባንዲራ ክብር ለመስጠት አልነሳም አለ። አገር ተናወጠ። ያኔ ኔት ቦየር ደብዳቤ ጻፈለት። ቦየር የግሪን ቤሬ ልዩ ኃይል አባል ሆኖ ኢራቅና አፍጋኒስታን ተዋግቷል። ከሠራዊቱ ከወጣ በኋላም ለሲያትል ሲሆክስ ጥቂት ጊዜ ተጫውቷል። ደብዳቤው አርሚ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ወጣ።

ስድብ አልነበረበትም። መጀመሪያ እንደተናደደ አልደበቀም። ግን ከመጮህ ለመስማት እየሞከርኩ ነው አለ። አንድ ቀን ለመዝሙሩ እንደገና እንደምትነሳ ተስፋ አደርጋለሁ፣ ያን ቀን አጠገብህ ቆሜ ታገኘኛለህ ብሎ ጨረሰ። ካፐርኒክ አስጠራው። ሳን ዲዬጎ ሆቴል ውስጥ ተቀምጠው ተወያዩ። ቦየር ከመቀመጥ ብትንበረከክ ይሻላል አለው። ወታደር በወደቀ ጓደኛው መቃብር ፊት ይንበረከካል፣ ይህ ክብር ነው አለው። ካፐርኒክ ተቀበለ። መስከረም 1 ቀን 2016፣ በዚያው ከተማ፣ ለወታደሮች ክብር በተዘጋጀ ጨዋታ ላይ፣ ካፐርኒክና ጓደኛው ኤሪክ ሪድ ተንበረከኩ። ቦየር አጠገባቸው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ቆመ።

ያ ዓለምን የዞረው መንበርከክ የመጣው ከአንድ የቀድሞ ወታደር ምክር ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን አያውቅም። «ወታደሮችን ሰደበ» የተባለው ሰው ከወታደር ጋር ተመካክሮ ነው ያደረገው። ቦየር አመለካከቱን አልለወጠም፣ መዝሙሩ ሲዘመር ቆመ። ካፐርኒክም ተቃውሞውን አልተወም። ሁለቱም ሐሳባቸውን ይዘው ጎን ለጎን ሆኑ። ለእኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ነገር እሱ ነው። በጣም ያሳዝነኛል፣ ጩኸቱ ይህን ዋጠው። ከ2016 የውድድር ዓመት በኋላ ካፐርኒክን የሚያስፈርም ቡድን ጠፋ።

በ2017 ደግሞ ፕሬዚዳንት ትራምፕ የሚንበረከኩ ተጫዋቾች ይባረሩ አሉ። በዚያው ሳምንት የፒትስበርግ ስቲለርስ ቡድን ቺካጎ ላይ መዝሙሩ እስኪያልቅ ወደ ሜዳ መውጫው መተላለፊያ ውስጥ ለመቆየት ወሰነ። አሌሃንድሮ ቪያኑዌቫ የሚባለው ተጫዋች የጦር ሠራዊት ሬንጀር ነበር፣ አፍጋኒስታን ሦስት ጊዜ ዘምቷል። እሱ ብቻውን መውጫው አፍ ላይ ቆሞ ታየ። ወዲያው ጀግና ተደረገ፣ ማሊያው ተቸበቸበ። በማግስቱ እሱ ራሱ ምን አለ? ያን ፎቶ ሳይ አፍራለሁ፣ ጓደኞቼን ሳላስበው አጋለጥኳቸው አለ። የሚንበረከኩትም ፍትሕ ማጣትን እየተቃወሙ እንጂ ወታደሩን እየተሳደቡ አይደለም አለ። ፎቶውን የወሰዱት ሰዎች ቃሉን አልወሰዱም። ወታደርን እንደ ፖስተር የሚፈልግ ሰው ሲናገር አይሰማውም።

ጉዳዩ አላበቃም። ነሐሴ 25 ቀን 2025 ትራምፕ ባንዲራ ሲያቃጥሉ ሌላ ሕግ የሚጥሱ ሰዎች በጥብቅ እንዲከሰሱ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። በዚያው ቀን አንድ ሰው ዋይት ሐውስ ፊት ለፊት ካለው መናፈሻ ባንዲራ አቃጥሎ ተያዘ። ከ20 ዓመት በላይ ያገለገልኩ የቀድሞ ወታደር ነኝ ብሏል። እኔ በግሌ እሱ ያደረገውን አላደርግም። ባንዲራ ሲቃጠል ማየትም ይከብደኛል። ግን «ወታደሮችን አዋረደ» የሚባለው ሰው ራሱ ወታደር ሲሆን፣ ማን ማንን እየጠበቀ ነው ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

እዚህ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያንን ጉዳዩ አይመለከተንም አይባልም። ልጆቻችን የአሜሪካ ሠራዊት ውስጥ ያገለግላሉ። ዜግነት የወሰድን ሁላችን እጃችንን አንስተን ምለናል። ወታደሩም ሲቀጠር ይምላል። ሁለቱም መሐላዎች ላይ የተጻፈው ሕገ መንግሥቱን እደግፋለሁ፣ ከጠላት እከላከላለሁ የሚል ነው። ተማሪዎች ትምህርት ቤት ለባንዲራ የሚሉት የታማኝነት ቃል ኪዳን ሌላ ነው። እሱን ልጆች በግድ እንዳይሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ሰኔ 1943፣ በጦርነቱ መሀል፣ የአሜሪካ የባንዲራ ቀን በሚከበርበት ዕለት ነው። የዌስት ቨርጂንያ የይሖዋ ምሥክሮች ልጆች አንልም ብለው ከትምህርት ቤት ተባረው ነበር። ያን ሰዓት ወታደሮች ባሕር ማዶ እየሞቱ ነበር። ዳኞቹ ይህን እያወቁ ነው የወሰኑት።

የእኛም ቤት ጉዳይ አለበት። በዲሲ ሰልፎች ላይ ልሙጡና ኮከብ ያለበት ባንዲራ ሲያጣሉን ስንት ጊዜ አይተናል። አገር ቤት ደግሞ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ዓርማ የሌለውን ባንዲራ መጠቀም ይከለክላል። በዚህም ክርክር «የአባቶቻችን ደም» የሚለው ቃል ሁለቱም ወገን አፍ ላይ አለ። የሚገርመው፣ የዘመቱት አባቶች አብረውን ይኖራሉ። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ ቡና ቤት ውስጥ ከጎናችን ይቀመጣሉ። በስማቸው ከመማላችን በፊት ጠይቀናቸው እናውቃለን? ስለ የትኛው ባንዲራ፣ ስለ የትኛው ተቃውሞ ምን እንደሚሰማቸው እነሱ ይናገሩ። መልሳቸው እርስ በርሱ ቢጋጭም፣ እኛ ከምናወራላቸው ይልቅ እነሱ የሚሉት ይሰማ።