እርማት፦ ራስን ስለማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም

ስለ ሳይካትሪ ሬዚደንቷ፣ ማለትም የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመሆን ስለምትሠለጥነው ሐኪም፣ በሚተርከው ልቦለድ ላይ «ታካሚውን ‹ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?› ማለቷ ስህተት ነው፤ ያላሰበውን ታሳስበዋለች» ብለሃል። ወንድሜ፣ ብዙዎቻችን እንዲህ እናምናለን። ግን ልክ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ራስን ማጥፋትን ስለመከላከል ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ ከተሳሳቱ እምነቶች ተርታ አስቀምጦታል። ሐሳቡ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ለማን እንደሚናገር ግራ ይገባዋል። በግልጽ ሲጠየቅ ሌላ አማራጭ ለማየት፣ ውሳኔውንም መልሶ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል።

ደግሞ ሐኪሟ እዚያ ላይ አታቆምም። እቅድ አለህ ወይ፣ ራስህን የምትጎዳበት ነገር በአጠገብህ አለ ወይ ብላ ትቀጥላለች። አደጋው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ የምትለየው በዚህ ነው። እኔን የጨነቀኝ፣ አስተያየትህን ያነበበ ሰው ነገ የከፋውን ጓደኛውን ሳይጠይቅ እንዳያልፈው ነው።